የክርን ውል

አካም ጂርታ ሲንቄ፣ ፈያ? ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ፤ የመዋኛው ዳር ሲሚንቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ገና ሙቀቱን አልለቀቀም። ጋቢሽን ግን ተከናነቢ፤ የአምቦ የጥር ንፋስ አይታመንም። እኔን አትዪኝ፣ እኔ አሁን ከውሃ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ እስኪመሽ ድረስ ብርድ የሚባል ነገር አላውቅም። ቆዳዬ ሁሉ ይስቃል። ጸጉሬን እያደረቅሁ ትንሽ እናውራ፣ ካልቸኮልሽ ማለቴ ነው። ልጁን ለማን ተውሽው? ለአዴ ቦጋለች? እሰይ፣ እሷ ካለች ምን ያስቸኩልሻል።

የመርጋን ፎጣ ልወስድ ነው የመጣሁት አልሽ? … ገባኝ። ከዋና ቡድኑ ካስወጡት ፎጣው እዚህ ምን ይሠራል፣ ልክ ነሽ። ሰማያዊው አይደል፣ ጫፉ ላይ አንቺ በነጭ ክር የጠለፍሽው? አለ፣ አልጠፋም። ያውልሽ፣ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ የተጋደመው ሰው ፊት ላይ ነው። እሽ… ቀስ በይ። ተኝቷል። አሁን ገና ከቡድናችን ልጅ ከንዋይ ጋር ውሃው ውስጥ ሲንቦጫረቅ ነበር፤ አንቺ በበሩ ስትገቢ ወጣ፣ ፎጣውን ፊቱ ላይ ጣል አደረገ፣ ተኛ። እንዲህ በአንድ ጊዜ የሚወስድ እንቅልፍ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላየሁም። ሰው ይታደላል።

አትቀስቅሺው፣ ማሎ፣ እባክሽ። ፎጣው የትም አይሄድ። እኛ ጨዋታችንን እንጫወት፣ እሱም ይተኛ። ደግሞ ስለ እሱ የማወራ እንዳይመስልሽ፤ ሰውን በተኛበት አላማም፣ ነውር ነው። እኔ የማወራሽ ስለ ሌላ ሰው ነው… ስሙ ምን ያደርግልሻል?

ስለ እንቅልፍ ካነሳን አይቀር፣ ማታ ማታ ዋና የጀመርን ሰሞን የሆንኩትን ነግሬሻለሁ? የአውራጃው መሥሪያ ቤቶች ሊወዳደሩ ነው፣ ያሸነፈ ሶደሬ ይሄዳል ሲባል በመሥሪያ ቤታችን የማይዋኝ ሰው ጠፋ። ፊቱን ለመታጠብ የሚያቅማማ ሁሉ ዋናተኛ ሆነ። ልምምዱ መቼ ይሁን ተባለ። ቀን ሥራ አለ። ጠዋት ደግሞ ውሃው ባይበርድም ሰውየውን ይበርደዋል። እንግዲያው ከሥራ መልስ ይሁን ተባለ፣ እኛ ሴቶቹም እልል ብለን ገባን። የአምቦን ውሃ ታውቂዋለሽ፤ ለብ ያለ ነው፣ ገላሽን ውርር ያደርገዋል፣ ከወጣሽ በኋላም ደምሽ ውስጥ መፍላቱን አይተውም። ቤቴ ስገባ እንደ አራስ እበላለሁ። እበላና እጋደማለሁ። ከዚያስ? ከዚያማ ዓይኔ ይፈጣል። እኔ አልጋዬ ላይ ነኝ፣ ልቤ ገና ውሃው ውስጥ ነው፤ ዳር ደርሶ ይመለሳል፣ እንደገና ዳር ደርሶ ይመለሳል። እህቴ ሮማነወርቅ አጠገቤ ነው የምትተኛው። ሸለብ ሲያደርገኝ ደግሞ እግሬ መዋኘት ይጀምራል መሰለኝ፣ «ወይ ወደ ውሃሽ ተመለሺ ወይ አርፈሽ ተኚ» ትለኛለች ብርድ ልብሱን እየጎተተች።

በማግስቱ ቢሮ ስገባ እንግዲህ አስቢው። ጸሐፊ ነኝ፣ ጣቴ የጽሕፈት መኪናው ላይ ነው፣ ዓይኔ ግን ሄዷል። አንድ ቀን ደብዳቤ ልጽፍ «ለ» ብዬ ጀመርኩ… ነቃ ብዬ ባይ ሙሉ መስመር «ለለለለለለ» ተጽፏል። አለቃዬ ወረቀቱን አቅንቶ አየው፣ ዘቅዝቆ አየው፣ «ሽታዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? እልልታ ነው፣ ጓድ፣ ልበለው? ሳቄን ይዤ ከቢሮው ስወጣ ሆዴ ሊፈነዳ ነበር። እስከ ዛሬ ጓድ «ለ» ማን እንደሆነ ቢሮው ውስጥ ይፈለጋል።

ታዲያ ማን አዳነኝ? ባልሽ አይደል? ሌላ ውሃ የሚያውቅ ማን አለ። ወንጪ ሐይቅ ዳር ያደገ፣ ፈረስ ሲያጠጣ አብሮ እየገባ ዋና የለመደ ሰው። «ሽታዬ፣ አንቺ ከውሃው ትወጫለሽ እንጂ ውሃው ካንቺ አልወጣም» አለኝ። «መጨረሻ ላይ ያሉትን ዙሮች ተቻኩለሽ አትጨርሺያቸው፤ በጀርባሽ ተንሳፈፊ፣ ሰማዩን እያየሽ ቀስ ብለሽ ጨርሺ። እንደወጣሽ ራስሽን አድርቂ፣ ቆሎ ቢጤ ቆርጥሚ፣ ራትሽን ግን ቀለል አድርጊው። ከሥራ በኋላ ቡናውንም ሻዩንም ተዪው። ወደ ቤት ስትሄጂ በአቋራጩ አትሩጪ፣ በባሕር ዛፉ በኩል ዞረሽ ሂጂ። እግርሽን ታጠቢና ሳይመሽ ተኚ። ባይወስድሽም ዝም ብለሽ ተጋደሚ፤ ገላ ትምህርት ቤት እንደገባ ልጅ ነው፣ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይለምዳል» አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። መጀመሪያ ሰሞን አልሆነልኝም፣ ከዚያ ትንሽ ተሻለኝ፣ ከዚያማ ጭንቅላቴ ትራሱን ሲነካ አላስታውስም። ሮማነወርቅ አሁን ጠዋት ጠዋት «አለሽ?» ብላ ነው የምታረጋግጠው።

ሁሉ ሰው ግን እኩል አይመከርም አይደል? ያ የምልሽ ሰው ለምሳሌ… እሱ ምክር አያስፈልገውም፣ ሁሉን ያውቃል። መርጋ ራታችሁን ቀለል አድርጉ ሲል፣ እሱ «የሠራ ጡንቻ መመገብ አለበት» ብሎ ከዋና ቀጥታ ሥጋ ቤት ገብቶ ቁርጥ ያዛል። መርጋ በጊዜ ተኙ ሲል፣ እሱ ሬዲዮኑን አቅፎ የዓለምን ሁኔታ ይከታተላል። አንጎላ እንዴት ዋለች፣ ኒካራጓ ምን አለች… እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር ኒካራጓን ማን ይጠይቃት ነበር? ቤተሰቦቿስ ሩቅ ናቸው። ታዲያ ያን ሁሉ ያመሸበትን እንቅልፍ መቼ ይተኛዋል? ቀን ነዋ። ለሕዝብ ያመሸ ሰው በሕዝብ ሰዓት ቢተኛ ማን ይቆጣዋል?

… አየሽ? የእግሩ አውራ ጣት ነቅነቅ አለች። የዚህኛውን፣ የተኛውን ማለቴ ነው። ሕልም እያየ ይሆናል፣ ተዪው።

ጎበዝ ሰው ነው ግን፣ አልዋሽም። አንቺ ስንጀምር አልነበርሽም፣ ልንገርሽ። መንገድ ዳር ያደገ ሰው ነው፣ ውሃን የሚያውቀው በባልዲ ነው። የመጀመሪያ ቀን እዚያ፣ ወገብ ድረስ በሚሆነው በኩል፣ ባልሽ ከሥር ሆዱን በመዳፉ ደግፎት፣ እሱ እጅ እግሩን እያወራጨ «መርጋ አትልቀቀኝ፣ አደራ መርጋ፣ አትልቀቀኝ» ሲል ገበያው ድረስ ተሰምቷል። ወገብ ድረስ ነው እንግዲህ፤ ቢቆም እኮ ይቆም ነበር። መቆም ትዝ አላለውም። ባልሽ ለቀቀው? አልለቀቀውም። ኅዳርን ሙሉ፣ ታኅሣሥን ሙሉ የራሱን ልምምድ እየተወ ያንን ሆድ ተሸክሞ ከዳር ዳር ሲመላለስ ከረመ። ያውም ያ ሁሉ ቁርጥ የገባበትን ሆድ። ውሃ ያቀልላል ይባላል እንጂ እኔ መርጋን አዝኜለት ነበር። ደስ የሚለው ግን አልሰነፈም፤ ይኸው አሁን ይዋኛል። ጭንቅላቱን እንደ ኤሊ ቀና አድርጎ፣ ውሃ እየጠጣ፣ መስመሩን እየሳተ… ቢሆንም ይደርሳል። በውድድሩ ቅብብል የመጨረሻውን ተራ፣ ያንን የመርጋን ቦታ፣ የፊታችን እሁድ የሚዋኘው ማን ይመስልሻል? እሱ ነዋ። «ቦታው ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው» አለ። ለቦታው አሰበ። ንዋይ ሰዓት ሲይዝለት ሰዓቷም ትሰለቻለች መሰለኝ፣ ሶደሬ ካለችበት ይበልጥ ራቀችብን። ቢሆንም ተማሪው አስተማሪውን ሲተካ ማየት ደስ ይላል።

ምክርም መስጠት ጀምሯል እኮ። ትናንት ወዲያ ቡድኑን ሰብስቦ ከማታ ዋና በኋላ እንዴት እንደሚተኛ አስተማረን። ራታችሁን ቀለል አድርጉ አለ፣ ቆሎ ቆርጥሙ አለ፣ በባሕር ዛፉ በኩል ዞራችሁ ሂዱ አለ። ከየት አገኘው ትያለሽ? «በራሴ ላይ ሞክሬው ነው» አለን። ንዋይ ሳቁን ለማፈን ውሃ ውስጥ ገብቶ ነው የቀረው። እኔ ግን ልቤ ተነካ። ሰው የጓደኛውን ቦታ ሲወስድ ምክሩን ጥሎት እንዳይቀር መጠንቀቁ… ሌላ ሰው ቢሆን ቦታውን ብቻ ይወስድ ነበር።

አሁን ወደ ማክሰኞው ልምጣልሽ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ የውይይት ክበብ እንዳለን ታውቂያለሽ። ቆርቆሮው ይግላል፣ መስኮቱ አይከፈትም፣ ሊቀመንበሩ ጓድ ኦልጅራ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመጽሐፉ ያነባል። ድምፁ ደግሞ ልጅ የሚያስተኛ ድምፅ ነው፤ ያንቺ ልጅ ሲያለቅስ እሱን ብታስጠሪው ጥሩ ነበር። ማታ የዋኘ ሰው እዚያ ተቀምጦ እንዴት ይችለዋል? እና እነዚህ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ውል ነበራቸው። እኛ ከኋላ የምንቀመጠው የክርን ውል ነው የምንለው። ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሲያንቀላፋ ሌላው በክርኑ ጎኑን ነካ ያደርገዋል። በቃ። ማንም አያይም፣ ማንም አይሰማም፣ አብዮቱም ምንም አይጎድልበትም። ይሄ ደግሞ የነሱ ብቻ አይደለም፤ በዚያ አዳራሽ ሁላችንም በአጠገባችን ሰው ክርን ነው ነቅተን የምንወጣው።

ባለፈው ማክሰኞ እኔ ልክ ከኋላቸው ነበርኩ። ገና መጽሐፉ ሲገለጥ ያ ሰው ሄደ። አገጩ ደረቱ ላይ፣ አፉ ከፈት፣ ከከንፈሩ ክር የመሰለች ነገር እስከ ኮሌታው ወርዳ… ቆንጆ አድርጎ ነው የሚተኛው፣ ጡት የጠገበ ሕፃን እንደዚያ አይተኛም። ባልሽ ክርኑን ሰደድ አደረገ። ነቃና «ትክክል» አለ፣ ለጓድ ኦልጅራ ራሱን እየነቀነቀ። ደግሞ ሄደ። ደግሞ ክርን። «ትክክል።» ጓድ ኦልጅራ በዚያ ሰዓት የሚያነብበው የጠላትን ስም ነበር፣ ግን ምን ቸገረው። ትንሽ ቆይቶ ማንኮራፋት ጀመረ። ባልሽ እያሳለ ሸፈነለት። እሱ ሲያንኮራፋ ባልሽ ሲያስል፣ እሱ ሲያንኮራፋ ባልሽ ሲያስል… እኔ መርጋ ጉንፋን ይዞታል ብዬ ነበር፣ ነጭ ሽንኩርት ላመጣለት ሁሉ አስቤ ነበር። በኋላ ሲገባኝ ሻሼን አፌ ውስጥ ከትቼ ነው የሳቅሁት።

ከዚያ ተራው ደረሰ። ባልሽ ሲያስል የደከመው ይመስለኛል። ወደ ጓደኛው ጎንበስ ብሎ «ና ኤጊ» አለው። ጠብቀኝ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ጓደኛውም እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀለት፤ ባልሽም ዓይኑን ከደነ። ልጅ እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ እንደሚተኛ ነው የተኛው፣ ሲንቄ።

ጓድ ኦልጅራ ድንገት መጽሐፉን አስቀመጠ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ወደ እኛ መደዳ አየ። «ቅድም ከዚያ በኩል ሲያንኮራፋ የነበረው ማን ነው?» አለ። ቅድም ነው ያለው፤ አሁን አላለም። ቅድም ማን እንደነበረ ደግሞ… ይሁን። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? እኔ ብሆን ያቺን ክርን ሰደድ አደርጋለሁ። ሁለት ጣት የማትሞላ መንገድ ናት። ግን እኛ ኋላቀሮች ነን። የነቃ ሰው እንደዚያ አያደርግም። ያ ሰው ብድግ አለ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ኮሌታው ላይ ያለችውን በእጁ ጠረገ… «ጓድ ሊቀመንበር፣ ጓደኝነት ከአብዮታዊ ኃላፊነት አይበልጥም። ጓድ መርጋ ተኝቷል» አለ።

እንዴት ያለ ንግግር መሰለሽ። የንቃት ጉድለት አለ፣ የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ አለ፣ ሰፊው ሕዝብ ዓይኑን በማይከድንበት ሰዓት አለ… ያን ሁሉ ቃል ተኝቶ ሳለ መቼ ሰማው? እኛ ነቅተን አዳምጠን የማንይዘውን እሱ በእንቅልፍ ልቡ ይይዘዋል። ተሰጥዖ ነው፣ አይገዛም። እኔ እጄን አወጣሁ። ጓድ ኦልጅራ ሰዓቱን አየና «ይበቃል፤ የሚቀጥለው ማክሰኞ ጓድ መርጋ ቆሞ ግለ ሂስ ያደርጋል፣ ከዋና ቡድኑም ይውጣ» ብሎ ዘጋው። ባልሽ ዓይኑን እያሸ ተነሣ። ምን አለ መሰለሽ? «እውነት ነው፣ ተኝቻለሁ» አለ። ሌላ አንድ ቃል የለም። ማን ቀድሞ ተኛ፣ ማን ለማን ሲያስል ነበር… ምንም። ከአዳራሹ ሲወጣ እንኳን ለዚያ ሰው በሩን ይዞለታል።

… ምነው? ምነው እንዲህ ታዪኛለሽ? መርጋ አልነገረሽም? «አንድ ሰው ሂስ አቀረበብኝ» ብቻ ነው ያለሽ? ማን እንደሆነ አልነገረሽም… ውይ። ደግ ሰው ነው ባልሽ። እኔን ደግሞ ምን አስለፈለፈኝ፤ ውሃው ነው፣ ከውሃ ስወጣ ምላሴም አብሮ ይዋኛል። ግን ስም ጠራሁ? አልጠራሁም። አንቺም ስም አልሰማሽም። ፎጣውን ለምን እንደዚያ አፍጥጠሽ ታዪዋለሽ? ፎጣ እኮ ነው።

ቆይ፣ ትናንት እሁድ እናንተ ቤት መጥቶ ጭኮ የበላው ማን ነበር? ጠዋት ገበያ ስንገናኝ «መርጋን ሊያጽናናው መጣ» ያልሽኝ? ደግሞ አስጨመረ አልሽኝ። ቅቤው በዛብኝ ብሎ አላማረረም፣ እግዜር ይስጠው። ባልሽ ፊት ተቀምጦ፣ ከባልሽ እጅ… ጎረሰ? ጎረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ጉሮሮው ላይ ይቆምበት ነበር፤ የእሱ ወረደ። ይሄ ጤና ነው። ልጅሽንም አቅፎ አጫወተው አልሽኝ። ሲወጣስ «አይዞህ ወንድሜ፣ ግለ ሂስህን አጠር አድርገው» ብሎ መከረው አላልሽኝም? እንግዲህ ከዚህ በላይ ጓደኛ ምን ያድርግ? ጉድጓዱን ከቆፈረ በኋላ እንዳይቆሽሽብህ ብሎ ኮትህን የሚይዝልህ ሰው ስንት ይገኛል?

እሽ… ስሚ። ማንኮራፋት ጀመረ። ጭኮ ስል ነው የጀመረው። እስካሁን ጸጥ ብሎ የተኛ ሰው አሁን ምን አገኘው? አፍንጫው ላይ ደግሞ ያቺ ዝንብ ካረፈች ስንት ጊዜዋ ነው፣ በፎጣው ላይ ስትመላለስ አያባርራትም። እውነተኛውን ማንኮራፋት እኔ ከኋላው ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ፤ መጋዝ ነው የሚመስለው… ማለቴ የዚያኛውን፣ የሌላውን ሰው። ይሄኛው ግን ለስላሳ ነው፣ ለትያትር ይሆናል። አትሳቂ ሲንቄ፣ ትቀሰቅሺዋለሽ። እያለቀስሽ ነው እንዴ የምትስቂው? ነይ፣ በጋቢው ጥረጊው። አይዞሽ።

ነገ ማክሰኞ ነው። ባልሽ ይቆማል፣ «ንቃት ይጎድለኛል» ይላል፣ ይጻፋል። ወሬው መቼስ ደርሶሻል፤ እንዲህ ተብሎ የተጻፈበት ሰው ሩቅ ቦታ ነው የሚዛወረው ይላሉ። እስከ ነገ ግን አንድ ሌሊት አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ባልሽ አይደለም፤ እሱ ራቱን ቀለል አድርጎ፣ እግሩን ታጥቦ ይተኛል። የሚያሳስበኝ ያ ሌላው ሰው ነው። እውነቴን ነው። ዛሬ ማታ እንዴት ያድራል? ቁርጡን ቢተው፣ ሬዲዮኑን ቢዘጋ፣ በባሕር ዛፉ በኩል ዞሮ ቢሄድ… መርጋ ያስተማረን ሁሉ ለዚህ ዓይነቱ እንቅልፍ ማጣት ይሠራል? ገላው አልጋ ላይ ሆኖ ልቡ ገና ውሃው ውስጥ ቢሆንስ፣ «መርጋ አትልቀቀኝ» እያለ ቢያድርስ? ማን ይይዘዋል?

መድኃኒቱ እኮ ቀላል ነው። ነገ ጓድ ኦልጅራ መጽሐፉን ሳይገልጥ ብድግ ማለት ነው። ኮቱን ቆልፎ… ኮት መቆለፍ መቼስ ይችልበታል። «ቀድሜ የተኛሁት እኔ ነኝ። ያንኮራፋሁትም እኔ ነኝ። መርጋ ሲቀሰቅሰኝ ነበር። ሁለታችንም ማታ ስንዋኝ ስለምናመሽ ነው እንጂ አብዮቱን ጠልተን አይደለም» ቢል ምን ይሆናል? አዳራሹ ይስቃል፣ ያልፋል። ጓድ ኦልጅራም ሰው ነው፤ ራሱ እያነበበ ሲያዛጋ አይቼዋለሁ። ምናልባት ስብሰባውን ወደ ጠዋት ያዛውረው ይሆናል፣ ሁላችንም እንገላገላለን። ይህችን ተናግሮ የገባ ሰው ማታ እንዴት ያለ እንቅልፍ እንደሚተኛ አስበሽዋል? ያለ ፎጣ፣ ፊቱን ገልጦ።

ባይናገርም ደግሞ ምንም አይደለም፣ አይጨነቅ። እኔ ነገ ከፊት መደዳ ነው የምቀመጠው። ባለፈው እጄን ሲያዩ ሰዓት አልቆባቸው ነበር፤ ነገ ገና ሳይጀመር አወጣዋለሁ። ከኋላ ሆኜ ያየሁትን ከፊት ሆኜ አወራዋለሁ፤ ሳሉንም፣ «ትክክል» ያለውንም፣ ኮሌታው ላይ የነበረችውንም። ሲያንኮራፋም በድምፅ አሳያቸዋለሁ፣ ታውቂኛለሽ፣ ሰው መምሰል እችልበታለሁ። ከጀመርኩ ደግሞ አላቆምም። ግን እሱ ቢቀድመኝ ደስ ይለኛል። ለራሱ ብዬ ነው፣ ለእንቅልፉ።

ፀሐይዋ ገባች፤ ተነሽ እንሂድ፣ በባሕር ዛፉ በኩል እሸኝሻለሁ። ፎጣው? … ተዪለት፣ ማሎ። አንቺ ጠለፍሽው፣ መርጋ አዋሰው፤ አሁን ብትወስጂበት ፊቱን በምን ይሸፍናል? ሲነቃ ራሱ ያመጣልሽ ይሆናል፣ ደጅሽ ድረስ፣ በእጁ። ጆሮውን ግን አይተሻል? ከፎጣው ወጣ ብሎ እንዴት እንደቀላ። ውሃው ይሆናል፣ ቆዳ ያቀላል የአምቦ ውሃ።

ዝም ብለን አንሂድ፣ እንመርቀው። ወጣት ነው፣ ነገ ሥራ አለበት፣ እሁድ ውድድር አለበት። ዋቃዮ እንቅልፉን ጣፋጭ ያድርግለት። የበላው ይስማማው። እሁድ ከውሃው በሰላም ይውጣ፣ ሶደሬንም ያሳየው። ወልዶ ይሳም፣ ቤቱ ከእንግዳ አይለይ፣ ከእጁ የሚጎርስ አይጣ። አሜን በይ እንጂ ሲንቄ። ሲደክመው ዓይኑን ከድኖ ራሱን የሚጥልበት፣ «ጠብቀኝ» ሲለው ራሱን የሚነቀንቅለት፣ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ከጎኑ የማይለይ አንድ ጓደኛ ይስጠው… ልክ እንደ ራሱ ያለ።